«ቀላል» የተባለው ጥበብና ከባዱ ጥፋት

በኪነ ጥበብ ዙሪያ ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረ፣ ሲሰሙት እውነት የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን መሠረት የሌለው አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም የሚያስቅና የሚያዝናና ሥራ ቀላል፣ የሚያስለቅስና የሚያስጨንቅ ሥራ ከባድ ነው የሚለው ነው። ከዚህም በመነሣት ከባዱ ለትውልድ ይቀመጥ፣ ቀላሉ እንደ ጤዛ ይርገፍ የሚል ፍርድ ይሰጣል። የፍርዱ ደጋፊዎች ማይማን አይደሉም። ብዙዎቹ የተማሩና ለሥነ ጥበብ ተቆርቋሪ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ጉዳቱን ያከበደውም ይኸው ነው። በጠላትነት ለሚፈጸም ጥፋት ተከላካይ ይነሣበታል፤ በተቆርቋሪነት ስም የሚፈጸመውን ግን የሚያስቆመው የለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። አዝማሪ ያልተጠራበት ድግስ እንደ ድግስ አይቆጠርም ነበር፤ ያው አዝማሪ ግን በማግስቱ በሩቅ የሚታይ፣ በዝቅታ የሚጠራ ሰው ነበር። ስንኙን እዚያው ተቀኝቶ እዚያው ያፈሰሰው ባለ ማሲንቆ ስሙ ሳይመዘገብ አለፈ። ዛሬ ተመራማሪው ያንን ቃል ሲፈልግ የሚጠብቀው ዝምታ ነው። ይሁን እንጂ ያ ዘመን አንድ ማመካኛ ነበረው፤ ድምፅና ምስል የሚቀርጽ መሣሪያ በእጁ አልነበረም። መሣሪያው በእጅ እያለ፣ ተቀርጾ የተቀመጠውን መልሶ ማጥፋትስ በምን ሊመካኝ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታሪክ አለ። ታሪኩ የአንድ የመዝናኛ ዝግጅት አቅራቢ የሥራ ሕይወት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ቦብ መንክሃውስ ይባላል። በ1928 ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በቤክነም ተወለደ። አባቱ የሂሳብ ባለሙያ ነበር፤ አያቱም ታዋቂ የጣፋጭ ምግብ ዱቄት ፋብሪካ ካቋቋሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር። እንግዲህ ሰውዬው ከድሃ ቤት ወጥቶ ሆዱን ለመሙላት ሲል ቀልደኛ የሆነ አይደለም። ቀልድን የመረጠው ወድዶት ነው። ገና ተማሪ ሳለ ለሕፃናት የሥዕል መጽሔቶች ቀልድ እየጻፈና እየሣለ ይሸጥ ነበር። በአየር ኃይል ውስጥ ብሔራዊ አገልግሎቱን ሲፈጽም፣ በ1947፣ ራሱ የጻፈውን የድጋፍ ደብዳቤ አለቃውን አታልሎ አስፈረመና በቢቢሲ ለመፈተን በቃ። ከዚያም ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከዴኒስ ጉድዊን ጋር ተጣምሮ ለራዲዮና ለመድረክ ተዋንያን ቀልድ ይጽፍ ጀመር። ታዋቂው ቦብ ሆፕ እንኳ ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ከእነርሱ ብዕር የወጣ ቀልድ ይጠቀም ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተመልካቹ በመስኮቱ ፊት ቆሞ ሲሥቅ የሚያየው ሰው፣ ከሥቁ በስተጀርባ የብዙ ዓመት ጸሐፊነት ነበረው። ቀልድ የሚጻፍ፣ የሚመዘን፣ የሚሰረዝና እንደገና የሚጻፍ ነገር ነው። አንድ ቃል ከቦታው ሲዛነፍ ሥቅ ይሞታል። ባለቅኔ ሰምና ወርቁን ለማስማማት እንደሚደክም ሁሉ፣ ቀልደኛም የመጨረሻዋ ቃል በሰዓቷ እንድትወድቅ ይደክማል። መንክሃውስ ይህንን ድካሙን በእጅ በተጻፉና በሥዕል ባጌጡ የቀልድ መዝገቦች ውስጥ ያኖር ነበር። በ1995 ከእነዚህ መዝገቦች ሁለቱ ሲሰረቁበት ላገኘላቸው ሰው ዳጎስ ያለ ወሮታ ለመክፈል ቃል ገባ፤ መዝገቦቹም ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ተመለሱለት። «ቀላል» የሚባል ሥራ እንዲህ ዓይነት መዝገብ አይኖረውም።

ሕዝቡ መንክሃውስን በይበልጥ የሚያስታውሰው «ዘ ጎልደን ሾት»፣ ማለትም «ወርቃማው ተኩስ» በተባለው ዝግጅት ነው። ዝግጅቱ ከጀርመን ቴሌቪዥን የተቀዳ ሲሆን ከ1967 እስከ 1975 በእንግሊዝ ቆይቷል። አሠራሩ እንዲህ ነበር። በምላጭ የሚተኮስ ቀስት በካሜራ ላይ ይጠመዳል። ካሜራውን የያዘው ሰው ዓይኑ በጨርቅ ይሸፈናል። በቤቱ የተቀመጠ ተወዳዳሪ ዒላማውን በራሱ ቴሌቪዥን እየተመለከተ በስልክ «ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ላይ፣ ተኩስ» እያለ ዓይኑ የተሸፈነውን ሰው ይመራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በቀጥታ ሥርጭት ነው። ስልክ ሊቋረጥ፣ ቀስት ዒላማውን ሊስት፣ ተወዳዳሪ በድንጋጤ ቃል ሊጠፋው ይችላል። በዚያ ሁሉ መካከል ቆሞ ስሕተቱን ወደ ሥቅ፣ ዝምታውን ወደ ጉጉት የሚለውጠው አቅራቢው ብቻ ነበር። ለመድረክ ሰው ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ተዋናይ ቢሳሳት ከመጋረጃ በስተጀርባ ቃል የሚያቀብለው አለ፤ የቀጥታ ሥርጭት አቅራቢ ግን ያለው አንደበቱ ብቻ ነው። መንክሃውስ በ1972 ከጣቢያው ጋር ተጋጭቶ ቢወጣም፣ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ከተተኩበት በኋላ በ1974 ተመልሶ ተጠርቷል። ሥራው ለማንም የሚቀል ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ባልተጠራ ነበር።

ሆኖም የአንድ ከያኒ የሥራ ዘመን በአንድ ዝነኛ ዝግጅት አይለካም። መንክሃውስ ከጉድዊን ጋር በ1954 «ፋስት ኤንድ ሉዝ» የተባለውን የአጫጭር ጭውውቶች ዝግጅት፣ በ1957 ደግሞ «ማይ ፓል ቦብ» የተባለውን ተከታታይ ሠርቷል። በ1960 ሰዎችን ባልጠበቁት አጋጣሚ በድብቅ ካሜራ የሚቀርጸውን «ካንዲድ ካሜራ» አቀረበ። በ1964 «ዘ ቢግ ኖይዝ» በተባለው ተከታታይ ተወነ። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ላይ «ማድ ሙቪስ» በሚል ርእስ ራሱ ካጠራቀማቸው ድምፅ አልባ ፊልሞች እየቀነጨበ፣ የተረሱትን የጥንት አስቂኝ ተዋንያን ለአዲስ ትውልድ አስተዋወቀ። ከ1983 እስከ 1986 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ባቀረበው ዝግጅቱ የሙያ ባልደረቦቹን እየጋበዘ ስለ ቀልድ ጥበብ አወያየ። ከ1987 እስከ 1989 ተመልካቹ በስልክ ድምፅ እየሰጠ አዲስ ከያኒ የሚመርጥበትን ውድድር መራ። ዛሬ በየአገሩ፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ ዘፋኝ በሕዝብ ድምፅ ሲመረጥ የሚያይ ሰው የዚህን ልማድ ታሪክ ማወቅ ቢሻ፣ መነሻውን እንዲህ ካሉት «ቀላል» ዝግጅቶች ውጭ የት ያገኘዋል? ከእነዚህ መካከል የብዙዎቹ ስም ከሰው አፍ ጠፍቷል። የመንክሃውስ ሙሉ ገጽታ ግን ከዝነኛው ይልቅ በእነዚህ ውስጥ ይገኛል፤ በዝነኛው ሥራ ከያኒው ሕዝብ የጠየቀውን ሲሰጥ ይታያል፣ ባልታወቁት ግን ራሱ የወደደውን ሲሞክር ይታያል።

ወደ ጥፋቱ እንምጣ ቢባል፣ ነገሩ አጭርና መራራ ነው። ምስል የሚቀረጽበት የመጀመሪያው ተግባራዊ ቴፕ በ1956 በአሜሪካ ወጣ። ቴፑ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው፣ ዋጋው እጅግ ውድ፣ ነገር ግን ተፍቆ ደግሞ ሊቀረጽበት የሚችል ነበር። የእንግሊዝ ጣቢያዎችም ትናንት የቀረጹትን እየፋቁ የነገውን ይቀርጹበት ጀመር። የተዋንያን ማኅበር ደግሞ የድሮው ዝግጅት በተደጋገመ ቁጥር ለአባሎቹ አዲስ ሥራ ይጠፋል በሚል ስጋት፣ ድጋሚ ሥርጭት በውል እንዲገደብ ያደርግ ነበር። ተደግሞ የማይታይ ከሆነ ለምን ይቀመጣል ተባለ። ቢቢሲ ይህንን አሠራር በውል የለወጠው በ1978 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት የሰው ልጅ ሥቅ በማግኔት እንደተፋቀ መቁጠር አይቻልም። የ«ወርቃማው ተኩስ» ዝግጅቶች ከጥቂቶቹ በቀር የሉም። ፒተር ኩክና ደድሊ ሙር ከ1965 ጀምረው ያቀረቡት፣ የዘመኑን የቀልድ አካሄድ የለወጠው «ኖት ኦንሊ በት ኦልሶ» ብዙ ክፍሉ ተፍቋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

የአስተሳሰቡ ጠበቆች ሦስት መከራከሪያ ያቀርባሉ፤ ሦስቱም መልስ ይሻሉ።

አንደኛው መከራከሪያ ገንዘብ ነው። ቴፕ ውድ ነበር፣ ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ ውድ ነበር። ይሁን እንጂ የገንዘብ እጥረት ምን እንደሚጠፋ አይመርጥም፤ መራጩ ሰው ነው። የ1953 የንግሥት ዘውድ መጫንና የ1965 የቸርችል ቀብር በክብር ተቀምጠው ይታያሉ። የፋብሪካ ሠራተኛው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የሣቀበት የእሑድ ዝግጅት ግን ተፍቋል። እንዲህ ሲሆን የተፈረደው በቴፕ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሠራተኛው የዕረፍት ሰዓት ላይም ተፈርዷል። ከዚህም የባሰው፣ ንቀት አንድ ጊዜ ከለመደ ወሰን አያውቅም። ቀላሉን ብቻ እንፍቃለን ያሉ እጆች ከባዱንም ፍቀዋል። በ1963 ወጣቱ ቦብ ዲለን የተሳተፈበት «ማድሃውስ ኦን ካስል ስትሪት» የተሰኘው ተውኔት ቴፕ በ1968 ጠፍቷል። የሰው ልጅ በሐምሌ 1969 ጨረቃን ሲረግጥ ቢቢሲ ከስቱዲዮው ያስተላለፈው ዝግጅት እንኳ አልተረፈም። ቀልደኛውን ሲፍቁ ዝም ያለ ፀሐፌ ተውኔት፣ ተራው ሲደርስ የሚጮህለት አላገኘም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከርእዮተ ዓለም ወገን የሚመጣ ነው። የጥያቄና የሽልማት ውድድር የሸቀጥ ማስታወቂያ እንጂ ጥበብ አይደለም፤ ሕዝብን የሚያዘናጋ ነገር ቢጠፋ ምን ይጎዳል ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። የንግድ ቴሌቪዥን ዝግጅቱን የሚያቀርበው ተመልካቹን ለአስተዋዋቂ ድርጅት ለመሸጥ መሆኑ አይካድም፤ መንክሃውስም ከዚህ ሥርዓት እንጀራውን በልቷል፤ በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሐያስያንም ሥቁን ሰው ሠራሽ፣ አንደበቱን ቅባት የበዛበት ብለውታል። ነገር ግን የሚተቸው ሥራ ከሌለ ሂስ ምን ይሆናል? ወሬ ይሆናል። አንድ ማስረጃ ይበቃል። መንክሃውስ ከወጣ በኋላ ከ1973 እስከ 1974 «ወርቃማው ተኩስን» ያቀረበው ቻርሊ ዊልያምስ የሚባል ጥቁር እንግሊዛዊ ነበር። በዮርክሻየር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ የሠራ፣ በኋላም የእግር ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ከማዕድን ጉድጓድ ወጥቶ በአገሩ ትልቅ የመዝናኛ ዝግጅት ፊት ሲቆም የሚታየው የመደብና የዘር ታሪክ በየትኛው የሶሲዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ በዚያ መልኩ ይገኛል? በዝግጅቱ አልተሳካለትም ይባላል። ያልተሳካው ሰውዬው ነው ወይስ ዝግጅቱ ለእርሱ ያልተሰፋ ልብስ ነበር? ይህንን የሚፈርድ ዳኛ ማስረጃ ይሻል፤ ማስረጃው ደግሞ ቴፑ ነው። እንግዲህ ቴፕ እንዲጠፋ የሚፈርድ ሐያሲ የራሱን ችሎት ይዘጋል።

ሦስተኛው መከራከሪያ የባለቤትነት መብት ነው፤ ከሦስቱም የሚከብደው ይኸኛው ነው። ምክንያቱም የከያኒው እንጀራ ከመብቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የተዋንያን ማኅበርም የቆመው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ማስቀመጥ ሌላ፣ ማሳየት ሌላ ነው። ማኅበሩ የተከራከረው በማሳየት ላይ ሲሆን፣ ጣቢያዎቹ ለማጥፋት ምክንያት አደረጉት። የሁለቱ መምታታት ምን እንደሚያስከትል የመንክሃውስ ዕጣ ያስረዳል። ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ ፊልም ያጠራቅም ነበር፤ በተለይ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ድምፅ አልባ ፊልም። በ1979 የፊልም ኩባንያዎችን ጥቅም ለማጭበርበር አሢሯል በሚል ክስ በለንደን ከፍተኛው የወንጀል ችሎት ቀረበ። ችሎቱም የሚያስጠይቀው ነገር የለም ብሎ ነፃ አወጣው። ቢሆንም ከተወሰደበት ፊልም ሁሉም አልተመለሰለትም። እንግዲህ ነገሩን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የሕዝብ ንብረት የተባለውን ቴፕ የፋቀ ሹም በቢሮው በሰላም ተቀምጧል፤ በገዛ ገንዘቡ ያኖረ ቀልደኛ ግን በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሟል።

የታሪኩ ፍጻሜ ለፈራጆቹ የሚያሳፍር ነው። መንክሃውስ በ1966 ግድም፣ የቤት ውስጥ ምስል መቅረጫ በእንግሊዝ ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ አንዱን ገዝቶ ከቴሌቪዥን መቅዳት ጀምሮ ነበር። የራሱን ብቻ አልቀዳም፤ የባልደረቦቹን፣ የተቀናቃኞቹን፣ ገና ስም የሌላቸውን ጀማሪዎች ሥራ ሁሉ ቀዳ። በታኅሣሥ 2003 ከዚህ ዓለም ሲለይ 36,000 ያህል የቪዲዮ ካሴትና ብዙ የፊልም ጥቅል ትቶ ሄደ። ክምችቱ በ2008 ለባለሙያዎች ተላልፎ ሲመረመር፣ ጠፍተዋል ተብለው የተለቀሰላቸው ዝግጅቶች ከመካከሉ ወጡ። በገንዘብ፣ በሕንፃና በባለሙያ የተደራጁት ጣቢያዎች ያልጠበቁትን አንድ «ቀላል» ሰው በቤቱ ጠበቀው። ሰውዬው ይህን ያደረገው አዋጅ ወጥቶለት አልነበረም። የሙያ ባልደረባውን ሥራ እንደ ሥራ ስለ ቆጠረው ብቻ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት ለሁሉም አይሠራም ማለት ነው፤ ወርቁን የሚያውቀው አንጥረኛው ነው።

ከዚህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የሚተርፍ ትምህርት አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1964 በእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ የልጆችን ዝግጅት ያቀረቡት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ማለትም አባባ ተስፋዬ፣ በ2017 ሲያርፉ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። በአንድ ድምፅም የደገመው ያንኑ የታወቀ ሰላምታቸውን ነበር፤ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች የሚለውን። ሰላምታው የሚወደድ ነው። ነገር ግን አባባ ተስፋዬ ሰላምታ ብቻ አልነበሩም። ሴት ተዋናይ በመድረክ ላይ ባልነበረችበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ፣ ወደ ኮሪያ ዘምተው ለነበሩት ወታደሮች የተጫወቱ፣ በምትሐት ትርኢት ያስደነቁ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የተጫወቱ የመድረክ ሰው ነበሩ። ከአራት አሥርተ ዓመታት በላይ በተረት ካሳደጉት ትውልድ መካከል ዛሬ መምህሩም፣ ኃላፊውም፣ ከያኒውም አለ። አንድ የተውኔት ተማሪ ተነሥቶ የእርሳቸውን ድምፅ አወራረድ፣ የእጅ እንቅስቃሴና የተረት አተራረክ ከመጀመሪያው ዘመን እስከ መጨረሻው አወዳድሬ ላጥና ቢል፣ ወዴት ሄዶ፣ በየትኛው መዝገብ፣ በየትኛው ቁጥር ጠይቆ ያገኘዋል? ከእርሳቸው ሌላስ በየበዓሉ ዋዜማ አጭር ጭውውት ሠርተው፣ በየእሑዱ መድረክ መርተው፣ ስማቸው ከዝግጅቱ ማብቂያ ጽሑፍ ጋር አብሮ የጠፋው ስንቶች ናቸው?

ለቀስተኛ መሆን ቀላል ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ከሞተ በኋላ «ታላቅ ነበር» ማለት ለሟቹ አይደርስለትም፣ ለትውልዱም አይተርፍለትም። የሚጠቅመው ሥራ ነው፤ ሥራውም የታወቀ ነው። እያንዳንዱ የመንግሥትና የግል ጣቢያ በእጁ ያለውን የመዝናኛ ዝግጅት በዓመተ ምሕረት፣ በርእስና በተሳታፊ ስም መዝግቦ መዝገቡን ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት፤ ያልተመዘገበ ንብረት ቢጠፋም ጠፋ የሚል አይኖርምና። የባህል ኃላፊዎች ለበዓል አዳራሽ ማስዋቢያ በጀት ሲይዙ፣ ካሴት ከሻጋታና ከሙቀት ለሚጠበቅበት ክፍልም፣ ወደ ዘመናዊ ቅጂ ለሚያሸጋግረው ባለሙያም መያዝ አለባቸው፤ ቴፕ እንደ ብራና ለዘመናት አይታገሥም፣ በየዓመቱ ይዳከማል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ካሴት፣ በየአረጋዊ ከያኒው ዘንድ ያለውን ፎቶግራፍና የጽሑፍ ቅጂ እንዲመዘግቡ ማሠማራት ይችላሉ። ከያንያንም የራሳቸውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የባልደረባቸውን፣ የተቀናቃኛቸውንም ሥራ መጠበቅን ከሙያ ግዴታቸው መቁጠር ይገባቸዋል።

የትኛው ሥራ ለትውልድ እንደሚበጅ የመፍረድ መብት የትውልዱ ነው። የዛሬው ሰው ግዴታ ፍርዱ የሚሰጥበትን ማስረጃ ሳያጎድል ማስተላለፍ ነው። አስቀድሞ ይቀመጥ፤ ከዚያ ይመዘን። ቀላሉም ከባዱም የሚታወቀው በሚዛን ላይ ሲወጣ እንጂ ከሚዛኑ በፊት ሲጣል አይደለም።